ከፔዳል ወርዶ የሚራመድ ጫማ

ለአብዛኛው የሃያኛው ክፍለ ዘመን አንድ አውሮፓዊ የብስክሌት ተወዳዳሪ አዲስ ጫማ ገዝቶ በማግስቱ አይወዳደርበትም ነበር። ጫማው ስስ ጥቁር ቆዳ ነው፤ ሶሉም ቆዳ። መጀመሪያ ጥቂት ቀን እንዲሁ ይነዳበታል። የፔዳሉ የብረት ጠርዝ ሶሉን እየተጫነ መስመር ያወጣል። መስመሩ በደንብ ሲታይ ጫማው ወደ ጫማ ሰሪ ይሄዳል፤ መሐሉ ላይ ቦይ ያለው ክሊት የሚባል ትንሽ ማያያዣ በመስመሩ ልክ በምስማር ይመታበታል። ከዚያ ወዲያ ቦዩ የፔዳሉን ጠርዝ ይነክሳል፤ ከፊት የብረት ቀፎ ጣቶቹን ይቀበላል፤ በቀፎው ውስጥ የሚያልፈው የቆዳ ጠፍር ደግሞ እግሩን ከፔዳሉ ጋር ጥፍር አድርጎ ያስረዋል።

ይህ ሁሉ የተደረገው ለፔዳሉ ነው። እግሩ ግን «ቻለው» ተባለ። ክሊቱ ጥቂት ዞር ብሎ ከተመታ ያ ጥቂት ስህተት በሺዎች በሚቆጠሩ ዙሮች ተባዝቶ ጉልበትን ያሳምማል። ጠፍሩ ሲጠብቅ ጣት ይደነዝዛል፤ ሲላላ እግር ይንሸራተታል። ለመውረድ ጎንበስ ብሎ በእጅ መፍታት ያስፈልጋል፤ ያልደረሰበት ከነብስክሌቱ ይወድቃል። ቆዳው በላብና በዝናብ ስለሚለጠጥም ጠበብ ያለውን ገዝቶ እስኪለምድ መታገስ የሙያው አካል ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

በ1960 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዲኖ ሲኞሪ የተባለ ጫማ ሰሪ በሰሜን ጣሊያን ማዜር በምትባል ትንሽ ከተማ የራሱን መሥሪያ ከፈተ። ከአያት ስሙና ከመጠሪያ ስሙ መነሻዎቹን ወስዶ ሲዲ አለው። አካባቢው የተራራና የበረዶ ሸርተቴ ጫማ የሚሠራበት አገር በመሆኑ እሱም የጀመረው በተራራ ጫማ ነው፤ ወደ ብስክሌትና ወደ ሞተር ሳይክል ጫማ የዞረው በኋላ፣ በ1970ዎቹ ነው። በዚያው ዘመን ምስማሩ በብሎን መተካት ጀመረ፤ ክሊቱ ላልቶ፣ ተስተካክሎ፣ መልሶ የሚጠብቅ ሆነ። ይህን ጫማ ሰሪ ልብ ማለት ይገባል፤ ስሙ ወደ በኋላ ተራራ ላይ ይመጣል።

ከአትላንቲክ ማዶ ደግሞ ስለ ክሊት ጨርሶ የማያስቡ ሰዎች ነበሩ። ጥቅምት 21 ቀን 1976 (ወሩም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን፣ ማሪን ካውንቲ ውስጥ፣ ጥቂት ወጣቶች ፌርፋክስ በምትባል ከተማ አጠገብ ከሚገኝ ተራራ ቁልቁል በአንድ የአቧራ መንገድ ተወዳደሩ። መንገዱ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን ቁልቁለቱ 400 ሜትር ያህል ነው። ብስክሌቶቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ፣ ወፍራም ጎማ ያላቸው፣ ሽዊን የተባለው ድርጅት ከባድ ብስክሌቶች ነበሩ። ፍሬናቸው ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ስለሆነ ታች ሲደርሱ የኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ይጨስ ነበር፤ ተፈትቶ እንደገና ግራሶ ካልተሞላ ለሌላ ዙር አይሆንም። ውድድሩ «ሪፓክ» (እንደገና መሙላት) የሚለውን ስም ያገኘው ከዚህ ጣጣ ነው። ጋሪ ፊሸር በኋላ በአራት ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ወርዶ ክብረ ወሰኑን ያዘ፤ ጆ ብሪዝ በሁለት ሰከንድ ይከተለዋል።

የለበሱት ጂንስ ሱሪና የሥራ ጓንት ነው። የተጫሙት ደግሞ የሥራ ወይም የእግር ጉዞ ቦት። ምርጫው የግድ ነበር፤ ኩርባ ላይ እግር መሬት ይነካል፤ ብስክሌቱ ይወድቃል፤ ወደ ላይ ሲመለሱ ግማሹን መንገድ መግፋት አለ። አስፋልት ላይ የሚወዳደር ሰው ከመነሻው እስከ መድረሻው እግሩን ከፔዳል ላያወርድ ይችላል። ተራራ ላይ ግን ብስክሌተኛው እግረኛም ነው። ከዚህ በኋላ የመጣው የጫማ ታሪክ በሙሉ እነዚህን ሁለት ሥራዎች ባንድ ሶል ላይ ለማስማማት የተደረገ ትግል ነው።

ብሪዝ በ1977 ለተራራ ብቻ የታሰበ ብስክሌት ሠራ። ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ በ1979 ድርጅት አቋቋሙ፤ ቶም ሪቺ ደግሞ አካሉን ይሠራላቸው ነበር። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ድርጅት ስታምፕጃምፐር የሚባል ብስክሌት አውጥቶ የተራራ ብስክሌት በብዛት መመረት ጀመረ። ብስክሌቱ ሲቀል፣ ጊርም ሲኖረው፣ ሽቅብም መወዳደር ሲመጣ የቦቱ ጉድለት ተገለጠ። ሶሉ ለስላሳ በመሆኑ በፔዳሉ ዙሪያ ይታጠፋል፤ እግር ውስጡ ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ያንን መታጠፍ ሲከላከሉ ውለው ይደክማሉ። ስለዚህ ብዙዎች ወደ አሮጌው ቀፎና ጠፍር ተመለሱ። አቀበት መሐል ላይ ቆሞ የተነሣ ሰው ፔዳሉን በጣቱ ገልብጦ፣ እግሩን ቀፎው ውስጥ አግብቶ፣ ጠፍሩን ሊስብ ሲል ፍጥነቱን ያጣና ተመልሶ ይቆማል። ቁልቁል ላይ ደግሞ እግሩ ሳይወጣለት ሥር ይጠልፈዋል።

መፍትሔው የመጣው ከበረዶ ሸርተቴ ነው። ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት የሸርተቴ ጫማን ከሸርተቴው ጋር አያይዞ ሰው ሲወድቅ የሚለቅ ማሰሪያ ይሠራ ነበር፤ የማሰሪያው ፈልሳፊ ዣን ቤይል ይባላል። ድርጅቱ ያንኑ ሐሳብ በ1984 ወደ ብስክሌት ፔዳል አመጣው። ጫማው ሥር ትልቅ የፕላስቲክ ክሊት በሦስት ብሎን ይታሰራል፤ ሲረገጥ ቀጭ ብሎ ይገባል፤ ተረከዝ ወደ ውጭ ሲዞር ይለቃል። በቀጣዩ ዓመት በርናር ኢኖ በዚህ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። ያን ጊዜ የጠፍሩ ዘመን አስፋልት ላይ አበቃ ማለት ይቻላል።

አስፋልት ላይ ብቻ። የሉክ ክሊት ከሶሉ ወደ ታች ወጣ ብሎ የሚቀመጥ ስለሆነ የተጫማው ሰው ጣቱን ወደ ላይ ሰቅሎ በተረከዙ ይራመዳል። ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል፤ ጭቃ ሲይዘው አይገባም፤ ፕላስቲኩም ቶሎ ያልቃል። የቤት ወለል ላይ እንኳ የሚያስቸግር ጫማ ተራራ ይወጣል ማለት ዘበት ነው።

ቤይል ራሱ ከሉክ ወጥቶ በ1987 በተመሠረተው ታይም በተባለው ድርጅት ሌላ ችግር ያዘ። የመጀመሪያዎቹ የሉክ ክሊቶች እግርን ድርቅ አድርገው ስለሚይዙ፣ ሲራመድ እግሩ በተፈጥሮ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ዞር የሚል ሰው ጉልበቱን ይታመም ነበር። ታይም እግሩ ሳይለቀቅ በጥቂት ዲግሪ ወዲህና ወዲያ እንዲል ፈቀደለት። ዛሬ አብዛኛው ፔዳል እንዲህ ያለ ነጻነት ይሰጣል። በምቾት ታሪክ ውስጥ ይህ ከማንኛውም ለስላሳ ንጣፍ ይበልጣል፤ ጉልበቱን ያዳነው ሰው መንዳቱን ይቀጥላልና።

የተራራው መልስ በ1990 ከጃፓን መጣ። ከ1921 ጀምሮ ሳካይ ከተማ ውስጥ የብስክሌት ዕቃ ሲሠራ የኖረው ሺማኖ ኤስፒዲ የተባለውን ዘዴ ይዞ ወጣ፤ ፔዳሉ ፒዲ-ኤም737፣ ጫማው ኤም100። ስለ ፔዳሉ ብዙ ተጽፏል፤ በሁለቱም በኩል መግባት ይቻላል፤ የስፕሪንጉን ጥብቀት በትንሽ ቁልፍ ማላላትና ማጥበቅ ይቻላል። ትልቁ ብልሃት ግን ጫማው ላይ ነበር። ጫማው ሲገለበጥ ጥርስ ያለው የጎማ ሶል ይታያል። ከጣቶቹ ግርጌ፣ እግሩ ሰፊ በሆነበት ቦታ፣ ጎማው ተከፍቶ ጎድጓዳ ቦታ ተትቷል። እዚያ ውስጥ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ የብረት ክሊት በሁለት ብሎን ታስሯል። ክሊቱ ከጎማው ጥርስ በታች አይወጣም፤ ስለዚህ የሚረግጠው ሰው መሬት የሚነካው በጎማ ነው። ከሶሉ ውስጥ ቀዳዳ ያለው የብረት ሳህን አለ፤ ሳህኑ በሁለት ረጃጅም ስንጥቆች ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ብሎኖቹ ሲጠብቁ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ጫማ ሰሪውና ምስማሩ፣ የፔዳል መስመር እስኪወጣ መጠበቁም ቀረ። ባለ አራት ሚሊ ሜትር ቁልፍ የያዘ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የራሱን ልክ ያወጣል።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኮሎራዶ ውስጥ ዱራንጎ ከተማ የመጀመሪያው ይፋዊ የተራራ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ። በአገር አቋራጩ ኔድ ኦቨረንድ ከወንዶች፣ ጁሊ ፉርታዶ ከሴቶች አሸነፉ። ስፖርቱ ዓለም አቀፍ መልክ የያዘበትና ጫማው የተወለደበት ዓመት አንድ መሆኑ ለሁለቱም በጀ። ባለ ሁለት ብሎኑ ቀዳዳ የተራራ ጫማ ሰሪዎች የጋራ ልክ ሆነ፤ የአንዱ ጫማ የሌላውን ክሊት ይቀበላል።

ይሁንና ክሊቱ የሚቀመጥበት ያ ጎድጓዳ ቦታ አዲስ ችግር አመጣ። ጭቃ ይሞላበታል። በረዶ ይጋገርበታል። ጠጠር ይወተፍበታል። ብሎኖቹ ውሃ እያገኛቸው ይዝጋሉ፤ የቁልፍ ማስገቢያቸው በድንጋይ ተጠፍጥፎ ክሊት መቀየር ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ሶሉ ለፔዳል ሲባል በመጠንከሩ ሲራመዱ አይታጠፍም፤ እግር ከውስጥ ሊነሣ ይሞክራል፣ ጫማው አይከተልም፤ ተረከዝ ይፋቃል፣ ውሃ ይቋጥራል። በማጣበቂያ የተለጠፉት የጎማ ጥርሶችም ድንጋያማ አቀበት ላይ ሲገፋ ከጣት በኩል መላቀቅ ይጀምራሉ።

በ1990ዎቹ ለዚህ መልስ ከሰጡት መካከል ያ የማዜር ጫማ ሰሪ አንዱ ነው። የሲዲ ዶሚኔተር ለብዙ ተወዳዳሪዎች የጫማ መለኪያ ሆነ። የላይኛው ክፍሉ ሎሪካ ከተባለ ቆዳ መሰል ሰው ሠራሽ ነገር ነው፤ ውሃ አይጠጣም፣ እንደ ቆዳ አይለጠጥም። ማሰሪያው ጥርስ በጥርስ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ዘለበት ነው። ጣት በኩል አቀበት ላይ የሚቆነጥጡ የብረት ጥርሶች በብሎን ይገቡበታል። ከሁሉም የሚያስመሰግነው ግን ዘለበቱ ሲሰበር ዘለበት፣ ማሰሪያው ሲያልቅ ማሰሪያ ለብቻው መሸጡ ነው። አንድ ክፍል ስለ ተሰበረ ጫማው አይጣልም። አብዛኛው የጫማ ኢንዱስትሪ ይህን አርአያ አለመከተሉ ያሳዝናል።

የማይለጠጠው ሰው ሠራሽ ቆዳ ግን ገዢውን አዲስ ጥንቃቄ ጠየቀው። የድሮው «ይለምዳል» የሚለው ምክር አልሠራም፤ ሱቅ ውስጥ የጠበበ ጫማ ከዓመት በኋላም ጠባብ ነው። የጣሊያን ጫማዎች ቀጠን ያለ እግር ታስቦ የሚሠሩ ስለነበሩ እግረ ሰፊው ሰው ቁጥር ጨምሮ ይገዛል፤ ርዝመቱ ሲተርፍ ደግሞ ተረከዙ ይዋልላል፤ ክሊቱም ከቦታው ይርቃል። ሲዲ በኋላ «ሜጋ» ብሎ ሰፋ ያለውን ለብቻ ማውጣቱ ትክክለኛው መንገድ ነበር። ስፋትና ርዝመት ሁለት የተለያዩ ልኮች ናቸውና አንዱን በሌላው ማካካስ አይቻልም።

ስለ እግር በቁም ነገር ማሰብ የተጀመረው በዚህ ጊዜ አካባቢ ነው። ስፔሻላይዝድ በአሜሪካ ቦልደር ከተማ የስፖርት ሕክምና ማዕከል ይመራ ከነበረው ከአንዲ ፕሩይት ጋር ሆኖ ጫማ ሠራ። መነሻው ቀላል ምልከታ ነው፤ የአብዛኛው ሰው እግር ክብደት ሳይጫነው ሲንጠለጠል በአውራ ጣቱ በኩል ትንሽ ወደ ላይ ያዘነብላል። ጠፍጣፋ ጠንካራ ሶል ላይ ሲጫን ግን ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ ጉልበትም አብሮ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ የሶሉ የፊት ክፍል በውስጥ በኩል በ1.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ተደረገ፤ የእግር ቅስትም ከሥሩ ድጋፍ አገኘ፤ ከጣት አጥንቶች ኋላ ደግሞ ትንሽ ጉብታ ተቀመጠ። የጉብታዋ ሥራ አጥንቶቹን አራርቆ በመካከላቸው የሚያልፈው ነርቭ እንዳይጨፈለቅ ማድረግ ነው። ከሁለት ሰዓት መንዳት በኋላ ጣታቸው የሚያቃጥላቸውና የሚደነዝዛቸው ሰዎች ሥቃይ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነርቭ ነው። ጫማው ላይ ማሰሪያውን ይበልጥ ማጥበቅ ያባብሰዋል እንጂ አያስታግሰውም።

እግር በሙቀትና በሥራ ያብጣል። በማለዳ ልክ የሆነ ጫማ ከቀትር በኋላ ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሻጮች ደንበኛውን ከሰዓት በኋላ፣ በሚነዳበት ካልሲ እንዲለካ ይመክሩታል። መመዘኛውም ከመንገድ ጫማ የተለየ ነው፤ ተረከዝ ጥብቅ ብሎ መያዝ አለበት፣ ከጣቶች ፊት ግን ክፍተት ያስፈልጋል። ቁልቁል ላይ ሰውነት ወደ ፊት ሲገፋ፣ ወይም በእግር ሲወረድ፣ ያ ክፍተት ከሌለ የመጀመሪያው ተጎጂ የአውራ ጣት ጥፍር ነው።

2001 ሁለት ነገሮችን ባንድ ጊዜ አመጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ክራንክ ብራዘርስ «ኤግቢተር» የተባለውን በአራት በኩል የሚያስገባ ፔዳል አወጣ፤ ጭቃ የሚይዝበት ገጽ የለውም ማለት ይቻላል። ክሊቱ ከናስ ነው፤ ናስ ከብረት ስለሚለሰልስ ቶሎ ያልቃል፣ ነገር ግን አብዛኛውን መፋቅ የሚሸከመው ርካሹ ክሊት ነው፣ ውዱ ፔዳል ይተርፋል። በዚያው ዓመት ኮሎራዶ ውስጥ ጋሪ ሃመርስላግ ቦአ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ሐሳቡ ለበረዶ መንሸራተቻ ቦት የታሰበ ነበር፤ በክር ፋንታ ቀጭን የብረት ሽቦ፣ በቋጠሮ ፋንታ የሚዞር ቁልፍ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የብስክሌት ጫማ ላይ ሲወጣ ትልቁ ጥቅሙ ፍጥነቱ አልነበረም። እግሩ ያበጠበት ሰው ሳይወርድ፣ በአንድ እጁ ማላላት ቻለ። ሽቦው ወይም ቁልፉ ሲበላሽም ድርጅቱ ምትክ ይሰጣል።

እነዚህ ሁሉ የሽቅብ ጫማዎች ናቸው። ቁልቁለቱን የሚወዱት ሰዎች በሌላ መንገድ ሄዱ። ቻርልስ ኮል በ1985 ፋይቭ ተን የተባለውን ድርጅት ሲመሠርት ያሰበው ገደል ለሚወጡ ሰዎች ነበር፤ ስቴልዝ የተባለው ጎማው ለስላሳና የሚጣበቅ ነው። የቁልቁለት ብስክሌተኞች ይህን ጎማ ተራ ፔዳል ላይ ሞክረው ወደዱት። አውስትራሊያዊው ሳም ሂል ያለ ምንም ክሊት ዓለምን አሸነፈ፤ በ2007 ስዊዘርላንድ ሻምፔሪ ላይ ዝናቡ መንገዱን ካጨቀየው በኋላ ወርዶ ሦስተኛ የወጣበት ጉዞ ዛሬም በስፖርቱ ወዳጆች ዘንድ ይነሣል። አዲዳስ በ2011 ፋይቭ ተንን ገዛው።

የሂል ድል ክሊትን አላስቀረም። ጫማ ሰሪዎችን ግን አንድ ነገር አስተማራቸው፤ ጥሩ ጎማ ካለ እግር ክሊቱ ሳይገባም ፔዳሉ ላይ መቆም ይችላል። በ2013 የኢንዱሮ የዓለም ውድድር ሲጀመር ይህ ትምህርት ቦታውን አገኘ። በኢንዱሮ ሰዓት የሚያዘው ቁልቁለቱ ነው፤ ሽቅቡ ሰዓት ባይያዝበትም በራስ ጉልበት መውጣት አለ፣ አንዳንዴም ብስክሌት ተሸክሞ። ስለዚህ መካከለኛ ጫማ ተፈለገ። ሶሉ ክሊቱ ባለበት ቦታ ጠንካራ፣ ጣት በኩል የሚታጠፍ፤ ጎማው ለስላሳ፤ የጣት ጫፉ ድንጋይ የሚችል፤ ቁርጭምጭሚት በኩል ከፍ ያለ። የክሊቱ ስንጥቆችም ወደ ተረከዝ ረዘም አሉ። ቆሞ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ክሊቱ ወደ እግሩ መሐል ሲጠጋለት ድንጋይ ሲመታው ተረከዙ አይወድቅም፣ ባቱም ያነሰ ይደክማል።

የሽቅብ ተወዳዳሪዎቹም ከዚህ ተማሩ። ጂሮ የተባለው ድርጅት በ2014 ያወጣው ኢምፓየር ቪአር90 የካርቦን ሳህንና የጣሊያኑን የቪብራም ጎማ ባንድ ላይ አጣምሮ፣ ማሰሪያውን ደግሞ ወደ ተራ ክር መለሰው። ቪብራም ራሱ ከተራራ አደጋ የተወለደ ስም ነው። ቪታሌ ብራማኒ በ1935 ስድስት ጓደኞቹ በአልፕስ ከሞቱበት በኋላ የተሻለ ሶል ፈልጎ በ1937 ጥርስ ያለውን የጎማ ሶል አወጣ። ክሩም ቢሆን ወደ ኋላ መመለስ አልነበረም፤ ግፊቱን በብዙ ቀዳዳ ስለሚያከፋፍል የእግሩ ጀርባ ከፍ ያለ ሰው ሁለት ዘለበት ከሚጫነው ይልቅ ክር ይመቸዋል። ጉዳቱ ጭቃ ሲጠጣ ለመፍታት ማስቸገሩ ነው፤ ሳይወርዱ ማላላትም አይቻልም።

ጥንካሬ ላይ ግን ሥራው ገና አላለቀም። አንድ የተራራ ጫማ በሞት አፋፍ ላይ ሲደርስ ምልክቶቹ ይታወቃሉ። የተረከዙ የውስጥ ጨርቅ ተቀዶ ፕላስቲኩ ይወጣል። ከክሊቱ ፊትና ኋላ ያሉት ጥርሶች ያልቃሉ፤ ያኔ ብረቱ መሬት መንካት ይጀምራል፣ ጫማውም ፔዳሉ ላይ ይወላገዳል። ከውስጥ ያለው ሳህን ጥርሱ ከተበላ ብሎኑ ዝም ብሎ ይዞራል። ሶሉ የተለጠፈ እንጂ የተሰፋ ባለመሆኑ አብዛኛውን ጫማ እንደ ድሮው ቆዳ ጫማ አዲስ ሶል ማስመታት አይቻልም። አረፋማ ንጣፍ ያለው ጫማ ደግሞ ሳይነካ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥም የአየሩ እርጥበት ማቴሪያሉን እየበላው ከዓመታት በኋላ ሊፈረፈር ይችላል። ከእሳት አጠገብ ማድረቅ ማጣበቂያውን ያላላል፤ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ላይ መተው፣ ብሎኖቹንም አልፎ አልፎ ፈትቶ ግራሶ መቀባት ዕድሜውን ያረዝመዋል።

በ2020 ክራንክ ብራዘርስ፣ ያ የፔዳል ሠሪ፣ ራሱ ጫማ ማውጣት ጀመረ። ማሌት ከተባለው ፔዳሉ ጋር በስም የተዛመደው ጫማ በተራ ክር፣ በሚሳብ ክርና በቦአ ቀረበ። የክሊቱ ጎድጓዳ ቦታ ረዝሞ ወደ ኋላ ተስቧል፤ ጠርዙም እግር ሲገባና ሲወጣ እንዳይሰናከል፣ ጭቃውም መውጫ እንዲያገኝ ተዳፋት ሆኖ ተሠርቷል። መሐሉ ላይ ያሉት ብሎኖች ሁለት ናቸው፤ ርቀታቸውም ሺማኖ በ1990 ያወጣው ነው።